አውሮፓ ውስጥ ወንጀል መከላከል የማን ሥራ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስቶክሆልም የነበረ ሰው ለንደን ይገባል። ሮም ልጆቿን ያሳደገች እናት ሮተርዳም ቤት ታገኛለች። ቋንቋው፣ ግብሩ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እንደ አዲስ ነው። የሰፈር ደህንነት ነገርም እንደዚያው። ደብዳቤ የሚልከው መሥሪያ ቤት ሌላ ነው፣ ስለ ልጅ የሚጠራው ስብሰባ ሌላ ነው፣ የተከለከለውና የተፈቀደው ሌላ ነው። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ቡና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እድር ስብሰባ ላይ ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአውሮፓ ህብረት ለአባላቱ ሁሉ አንድ የወንጀል መከላከያ ሕግ የለውም?

የለውም። የህብረቱ ውል አንቀጽ 84 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ህብረቱ አባል ሀገራትን በወንጀል መከላከል ሥራ ሊያበረታታና ሊያግዝ ይችላል። ሕጎቻቸውን አንድ ዓይነት ማድረግ ግን አይችልም። በ2001 የተቋቋመ የአውሮፓ የወንጀል መከላከል መረብ የሚባል አለ፣ ጽሕፈት ቤቱ ብራስልስ ነው። ሀገራት የሠራላቸውንና ያልሠራላቸውን የሚነጋገሩበት ነው እንጂ ትእዛዝ አያወጣም። ስለዚህ ድንበር በተሻገራችሁ ቁጥር አሠራሩ ይቀየራል። ጀርመን ውስጥማ ድንበር መሻገርም አያስፈልግም። ፖሊስ የ16ቱ ክልሎች ሥልጣን ስለሆነ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ስትሄዱ ደንቡ ይለያያል።

ታዲያ ሀገራቱን የሚለያያቸው ዋናው ነገር ምንድን ነው? የፖሊስ ብዛት?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ወንጀሉ ከመፈጸሙ በፊት ኃላፊነቱ የማን ነው?

ከተፈጸመ በኋላ የሚሆነው በየሀገሩ ይመሳሰላል። ፖሊስ ይመጣል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ፍርድ ቤት ይፈርዳል። ልዩነቱ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ፈረንሳይ ከንቲባውን ትጠይቃለች። እንግሊዝ ማዘጋጃ ቤቱንና ፖሊሱን በሕግ አንድ ላይ አስራቸዋለች። ዴንማርክ አስተማሪውን፣ ሶሻል ወርከሩንና ፖሊሱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ታስቀምጣለች። ስኮትላንድ ሐኪሙን ጨመረች። ሆላንድ ደግሞ ቤት የሚሠራውን ተቋራጭ ሳይቀር። ይህን ያወቀ ሰው ችግር ሲገጥመው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። ለዚህ ነው ጉዳዩ ለኛም የሚጠቅመው።

ወንጀል የሚበዛበት ሀገር የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ሰንጠረዥ ማሳየቱ አይቀርም። ሰንጠረዡን ቶሎ አትመኑት።

ስዊድንን እንውሰድ። አንዲት ሴት ባሏ ለወራት ደጋግሞ እንደደፈራት ብታመለክት፣ ስዊድን እያንዳንዱን ድርጊት ለየብቻው ትቆጥራለች። ሌላው ሀገር ጉዳዩን በሙሉ እንደ አንድ ሊመዘግበው ይችላል። በዚያ ላይ ከ2018 ጀምሮ በስዊድን ሕግ ፈቃደኝነት ከሌለ ኃይል ባይኖርም አስገድዶ መድፈር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህ ማለት ስዊድን ውስጥ ሴቶች ከሁሉም በላይ ይደፈራሉ ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። ፖሊስን የማያምን ሰው አያመለክትም። ፖሊስ በሚፈራበት ሀገር መዝገቡ ባዶ ሆኖ ሰላም ሊመስል ይችላል።

ለማነጻጸር የተሻለው የግድያ ቁጥር ነው፤ የሞተ ሰው በየትም ሀገር ይቆጠራል። በ2023 በአውሮፓ ህብረት ውስጥ ሆን ተብሎ የተገደለው ሰው ወደ 3,900 ገደማ ነው። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሲታይ እንደ ላትቪያና ሊትዌኒያ ያሉት የባልቲክ ሀገሮች ከፍ ብለው ይገኛሉ። ሰው በወሬ ከሚጠራቸው ከተሞች ጋር አይገጥምም።

ፈረንሳይ ውስጥ ከንቲባ ስለ ወንጀል ምን አገባው?

ነገሩ የሚጀምረው በ1981 ሰመር ነው። ሊዮን አጠገብ ቬኒስዩ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ሌ ማንጌት በሚባለው የፎቅ ቤቶች ሰፈር ወጣቶች መኪና እየሰረቁ ያቃጥሉ ነበር፤ ከፖሊስም ጋር ይጋጩ ነበር። ሀገሩ በሙሉ ደነገጠ። መንግሥት የከንቲባዎች ኮሚሽን አቋቋመ። መሪው ዢልቤር ቦንሜዞን ነበሩ፣ ፓሪስ አጠገብ ያለችው የኤፒኔ ሱር ሴን ከንቲባ። በ1982 ያቀረቡት ሪፖርት መከላከል፣ መቅጣትና መተጋገዝ አብረው እንዲሄዱ የሚጠይቅ ነበር። በዚያው ዓመት ሰመር ለእነዚህ ሰፈሮች ልጆች የካምፕና የስፖርት ፕሮግራም ተዘጋጀ። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ በየከተማው የመከላከል ምክር ቤቶች ተቋቋሙ።

ያ መንገድ እስከ ዛሬ አለ። የ2007ቱ ሕግ ከንቲባውን ዋና አስተባባሪ አደረገው። በ2021 በወጣው ሕግ ደግሞ ከ5,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ ምክር ቤት የማቋቋም ግዴታ አለበት፤ ቀድሞ መነሻው 10,000 ነበር። ቦንሜዞን በ1987 የመሠረቱት የአውሮፓ ከተሞች የደህንነት ፎረምም ዛሬ ድረስ ከተሞችን ያገናኛል።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላው ታሪክ ነው። ፈረንሳይ በ1998 የሰፈር ፖሊስ ጀምራ ነበር። ፖሊሱ ሰፈሩን እንዲያውቅ፣ ሰፈሩም እሱን እንዲያውቀው። በ2003 ተቋረጠ። ያኔ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኒኮላ ሳርኮዚ ቱሉዝ ሄደው፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ጨዋታ ማዘጋጀት የፖሊስ ዋና ሥራ አይደለም ብለው በይፋ ተናገሩ። በ2005 ከፓሪስ ዳርቻ የተነሳው ረብሻ መላ ሀገሪቱን ሲያዳርስ ሰፈሩን በስም የሚያውቅ ፖሊስ ብዙም አልነበረም። ረብሻው በዚህ ብቻ መጣ አልልም። ግን አምስት ዓመት የፈጀ መተዋወቅ በአንድ ውሳኔ ሲበተን ማየት ያሳዝናል።

እንግሊዝስ?

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ መሠረቱ የ1998ቱ የወንጀልና የረብሻ ሕግ ነው። ማዘጋጃ ቤቱና ፖሊሱ አብረው የአካባቢውን ችግር እንዲያጠኑና ዕቅድ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ዛሬ እሳት አደጋው፣ ጤናውና የተፈረደባቸውን ሰዎች የሚከታተለው መሥሪያ ቤትም አሉበት። የማህበረሰብ ደህንነት አጋርነት ይባላል። እኔ ከሕጉ ሁሉ የምወደው አንቀጽ 17ን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ማናቸውንም ሥራ ሲሠራ፣ መናፈሻ ሲያቅድም ሆነ መብራት ሲተክል፣ በወንጀል ላይ የሚያመጣውን ውጤት ማሰብ አለበት ይላል።

ያው ሕግ የማልወደውን ነገርም ወልዷል። አዝቦ የሚባለው እገዳ ነው። ጎረቤት የረበሸን ሰው ፍርድ ቤት ‘እዚህ ሰፈር አትድረስ፣ ከእገሌ ጋር አትታይ’ ይለዋል። ያንን ከጣሰ ወንጀለኛ ነው። ብዙ ልጆች መጀመሪያ ባደረጉት ሳይሆን እገዳውን በመጣሳቸው ብቻ እስር ቤት ገቡ። በ2014 በወጣ ሕግ ተሽሮ በሌላ ተተካ።

ስለ ግላስጎው ብዙ ይወራል። እውነት ጩቤን እንደ በሽታ አከሙት?

እውነት ነው። ይህን ታሪክ ሳወራ አይደክመኝም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግላስጎው የአውሮፓ የግድያ ከተማ ትባል ነበር። የሰፈር ጋንጎች ነበሩ፣ ልጆች ጩቤ ይዘው ይወጡ ነበር። በ2004/05 የበጀት ዓመት በስኮትላንድ ከ130 በላይ ሰው ተገደለ። የሀገሩ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን ገደማ ነው። የአካባቢው ፖሊስ በ2005 አንድ ክፍል አቋቋመ፣ የብጥብጥ ቅነሳ ክፍል የሚባል። ካረን መክላስኪና ጆን ካርነካን መሩት። በዓመቱ ለመላው ስኮትላንድ የሚሠራ ሆነ። ሐሳባቸው ብጥብጥ እንደ ተላላፊ በሽታ ነው የሚል ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል፤ ስለዚህ የት እንደሚነሳ አጥንቶ መንገዱን መዝጋት ይቻላል።

በ2008 የጋንግ ልጆችን ፍርድ ቤት ጠሯቸው። ለመክሰስ አልነበረም። ፖሊሱ ‘ሁላችሁንም እናውቃችኋለን፣ አንዱ ቢወጋ ቡድኑን በሙሉ እንከታተላለን’ አለ። ከዚያ ልጇ የተገደለባት እናት ተነስታ ተናገረች። ሐኪም ተነስቶ ጩቤ ፊትን ምን እንደሚያደርግ ተናገረ። መጨረሻ ላይ የስልክ ቁጥር ሰጧቸው፦ መውጣት የሚፈልግ ይደውል፣ ሥራም ትምህርትም እናግዛለን።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ናቪጌተር የሚባሉ ሠራተኞች ግላስጎው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ ራሳቸው በዚያ ሕይወት ያለፉ ናቸው። ልጁ ተወግቶ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ጓደኞቹ ውጭ ብድር ለመመለስ ይማከራሉ። በዚያች ሰዓት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ‘እስቲ እናውራ’ የሚለው ሰው አለ። ልጁ የሚሰማው ያኔ ነው።

ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል። ቅጣቱም ከብዷል። ጩቤ ይዞ መገኘት የሚያስከትለው እስር በእነዚያ ዓመታት ጨምሯል። ፍቅር ብቻ አልነበረም። በ2022/23 የተገደሉት 52 ነበሩ፣ እስከዚያ ድረስ ከ1976 ወዲህ ዝቅተኛው ቁጥር። ለንደንም ኋላ ላይ የራሷን ተመሳሳይ ክፍል አቋቁማለች።

ሆላንድ የተሠራ አዲስ ቤት ሌባ አይደፍረውም ይባላል። ምኑ ነው?

ቁልፉና መስኮቱ ነው። ከ1999 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ በሩና መስኮቱ በቀላሉ የማይፈለቀቅ መሆን አለበት፤ የግንባታ ደንቡ ያስገድዳል። ውጤቱን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች ሰብሮ መግባት በሩብ ያህል ቀንሶ አገኙት። ሌባው ወደ ድሮዎቹ ቤቶች ዞሮ ይሆናል ብለው አዩ፤ አልዞረም። ከካሜራም ከዘበኛም ይልቅ አንድ የግንባታ ደንብ ይህን ሁሉ ሠራ። በጣም ይገርመኛል።

ጀርመንም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። በ2015 ከ167 ሺህ በላይ ቤት ሰብሮ የመግባት ወንጀል ተመዝግቦ ነበር። በ2019 ወደ 87 ሺህ ወረደ። በተለይ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙከራ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ በሩ እምቢ ብሎት ማለት ነው። ብዙ ወገን የማያውቀው ነገር አለ፤ ጀርመን ውስጥ የፖሊስ ምክር መስጫ ቢሮዎች የቤታችሁን በርና መስኮት ጉዳይ በነጻ ያማክሯችኋል።

ስዊድን ይህ ሁሉ ሥርዓት እያላት ተኩሱ ከየት መጣ?

ከባድ ጥያቄ ነው። ስዊድን ከ1974 ጀምሮ ብሮ የሚባል የወንጀል መከላከል ምክር ቤት አላት። ጥናቱ የተመሰገነ ነው። እንደዚያም ሆኖ በ2022 ከ60 በላይ ሰው በጥይት ተገደለ። አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጡ ቡድኖች ሰፈር ይዘዋል፤ መሣሪያና ቦምብ እጃቸው ገብቷል። ልጆችን በስልክ ይመለምላሉ፣ ትንሹን እየመረጡ፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል እንደማይቀጣ ስለሚያውቁ። እናቶቻችን እዚያ ሀገር ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡት በከንቱ አይደለም።

አንዱ ክፍተት ይህ ነበር፦ መከላከል የማን ግዴታ እንደሆነ በሕግ አልተጻፈም። ማዘጋጃ ቤቱ ከፈለገ ይሠራል፣ ካልፈለገ ይተዋል። ይህ የተስተካከለው በጁላይ 2023 ነው። አሁን እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የአካባቢውን የወንጀል ሁኔታ ማጥናት፣ ዕቅድ ማውጣትና አስተባባሪ መመደብ አለበት። እኔ ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ማልሞ ደግሞ በ2018 ከግላስጎው የሚመስል ነገር ጀመረች፣ ‘ተኩስ አቁም’ የሚል። ለቡድኑ በሙሉ ማስጠንቀቂያ፣ መውጣት ለሚፈልግ እርዳታ። ተኩሱ ቀንሷል። ቅናሹ ግን ፕሮግራሙ ሳይጀመርም ታይቶ ስለነበር ምስጋናውን በሙሉ ለእሱ መስጠት ይከብዳል።

ትምህርት ቤቱ ከፖሊስና ከሶሻል ጋር ሆነን ስለ ልጅህ እንነጋገር አለኝ። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ የጠያቂው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም ነው።

ዴንማርክ ውስጥ ይህ ኤስኤስፒ ይባላል፣ የትምህርት ቤት፣ የማህበራዊ አገልግሎትና የፖሊስ ትብብር ማለት ነው። በ1970ዎቹ የተጀመረ ነው። ልጁ ከመጥፎ ጓደኛ ጋር ታይቷል፣ ትምህርት እየቀረ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ተይዟል፤ ሦስቱ ይነጋገራሉ። መረጃ መለዋወጥ በሕግ ይችላሉ። ያ ልውውጥ ግን ለመከላከል ነው እንጂ ለወንጀል ምርመራ አይፈቀድም። ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው፣ ወላጅ ሊያውቀው ይገባል።

ፊንላንድ አንከር የሚባል አሠራር አላት፣ በ2004 ሃሜንሊና ከተማ የተጀመረ። ፖሊሱ፣ ሶሻል ወርከሩና የአእምሮ ጤና ባለሙያው አንድ ቡድን ናቸው። ሆላንድ ደግሞ ሃልት አለ፣ በ1981 ሮተርዳም የተጀመረ። ከ12 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ሱቅ ሰርቆ ወይም ንብረት አበላሽቶ ከተያዘ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሳይደርስ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የተሰጠውን ሥራ ይሠራል፣ ወላጆቹም ይገኛሉ። ከጨረሰ የወንጀል መዝገብ አይኖረውም። ስለዚህ ከሃልት ደብዳቤ ከመጣ ወደ መሳቢያ አትክተቱት። ሂዱ። አለመሄድ ነው ነገሩን ዐቃቤ ሕግ ዘንድ የሚያደርሰው።

ሶሻል የራሱ ሥልጣን እንዳለው አልደብቅም። ስለዚህ ስብሰባው በየትኛው ሕግ እንደተጠራ ጠይቁ፤ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ እንዲያስተረጉም በፍጹም አታድርጉ።

ዴንማርክን ካነሳሁ አይቀር፣ የማልስማማበት ነገርም አለ። በ2018 ‘ጌቶ’ ለተባሉ ሰፈሮች ልዩ ሕግ ወጣ። ሰፈሩ በዚያ ስም ይመዘገብ የነበረው እንደ ሥራ አጥነትና የወንጀል ፍርድ ባሉ መመዘኛዎች ላይ፣ ከነዋሪው ግማሽ በላይ ራሱ ወይም ወላጆቹ ምዕራባዊ ካልሆነ ሀገር የመጡ ሲሆን ነው። ፖሊስ አንዳንድ ቦታን ለይቶ በዚያ የተፈጸሙ አንዳንድ ወንጀሎች ቅጣታቸው እስከ እጥፍ እንዲሆን ማድረግም ይችላል። ሰውን በትውልዱ ቆጥሮ ሰፈሩን አደገኛ ማለት ኤስኤስፒ ለዓመታት የገነባውን እምነት የሚንድ ይመስለኛል።

ልጅ በስንት ዓመቱ ነው በወንጀል የሚጠየቀው?

በእንግሊዝ 10። ስኮትላንድና ሆላንድ 12። ጀርመን፣ ጣልያንና ስፔን 14። ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ፊንላንድ 15። ፖርቱጋል 16። ኢትዮጵያ ውስጥ 9 ነው፤ ስለዚህ ብዙ ወላጅ የአውሮፓውን ሲሰማ ልጁ ምንም ቢያደርግ አይነካም ይላል። ስህተት ነው። ዴንማርክ ከ2019 ጀምሮ ከ10 እስከ 17 ዓመት ያሉትን የሚያይ፣ ዳኛ የሚመራው ቦርድ አላት። እስር አይፈርድም፤ ልጁንና ወላጁን ግን ግዴታ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ስዊድን ውስጥም ዕድሜውን ዝቅ ማድረግ ትልቅ ክርክር ሆኗል።

ጣልያን የማፍያ ቤት ለማህበር ትሰጣለች የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በ1982 የወጣው ሕግ የማፍያን ንብረት መውረስ አስቻለ። በ1996 ደግሞ ሊቤራ የተባለው የማህበራት ጥምረት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ካሰባሰበ በኋላ፣ የተወረሰው ንብረት ለማህበራዊ አገልግሎት እንዲውል ሕግ ወጣ። የአለቃው ቪላ የወጣቶች ማዕከል ይሆናል። እርሻው የኅብረት ሥራ ማህበር ይሆንና ወይንና ፓስታ ያመርታል። የሰፈሩ ልጅ ትናንት የፈራውን በር ዛሬ ከፍቶ ይገባል።

ቤቴ ላይ ካሜራ ብሰቅልስ?

ግቢያችሁን ብቻ ካየ ችግር የለም። መንገዱን ወይም የጎረቤትን በር ካየ ግን የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይመለከታችኋል። የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት በ2014 ከቼክ ሪፐብሊክ በመጣ ጉዳይ ላይ እንዲህ ብሎ ወስኗል። ያ ሰው ካሜራውን የሰቀለው ቤቱ በተደጋጋሚ ስለተጠቃ ነበር። የደወል ካሜራም እንደዚያው ነው።

ካሜራ ወንጀል ይቀንሳል ወይ ለሚለው፣ የ40 ዓመት ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በአማካይ 13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ የሚሠራው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው።

በርበሬ ስፕሬይ ቦርሳዬ ውስጥ ብይዝስ?

ይህንን በደንብ አንብቡት፣ እህቶች በተለይ። ጣልያን ውስጥ ደንቡን ያሟላ ስፕሬይ ከ16 ዓመት ጀምሮ መግዛት ይቻላል። ጀርመን ‘ለእንስሳት መከላከያ’ ተብሎ ይሸጣል። እንግሊዝ ውስጥ ግን በሕጉ እንደ ተከለከለ የጦር መሣሪያ ይቆጠራል። ሆላንድም ክልክል ነው፤ ስዊድን ፈቃድ ይጠይቃል። ሚላን የገዛችሁትን ይዛችሁ ለንደን ብትገቡ የምትከሰሱት እናንተ ናችሁ።

የሰፈሬ ሰዎች የዋትስአፕ ቡድን አላቸው። ልግባ? ሮንድ መውጣት ነው?

ሮንድ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የጎረቤት ጥበቃ በ1982 ሞሊንግተን በምትባል መንደር ሲጀመር ሐሳቡ ማየትና ማሳወቅ ነበር። ዱላ ይዞ መዞር የለም። ሆላንድ መንገዱ መግቢያ ላይ ምልክት ያለበት የዋትስአፕ ጥበቃ በየሰፈሩ አለ። ደንቡ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ 112 ደውል፣ ከዚያ ቡድኑ ላይ ጻፍ።

ግቡ እላለሁ። ምክንያቴም አንድ ነው። እነዚህ ቡድኖች ላይ ‘አንድ ጥቁር ሰው መንገዱ ላይ ይዞራል’ የሚል መልእክት ይመጣል። ያ ሰው ፖስታ የሚያደርስ የእኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። ‘ምን ሲያደርግ ነው ያያችሁት?’ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቡድኑ ውስጥ ቢኖር ነገሩ ይለወጣል። የሚያሳስበው ድርጊት ነው፤ የቆዳ ቀለም ድርጊት አይደለም።

ፖሊስ በመልኬ ብቻ ቢያስቆመኝስ?

የአውሮፓ ህብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በ13 ሀገራት ከተጠየቁት አፍሪካዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች 45 በመቶው ባለፉት አምስት ዓመታት መድልዎ ደርሶብናል ብለዋል። በ2016 39 በመቶ ነበር። ችግሩ እየባሰ ነው ማለት ነው።

ፍርድ ቤቶች ዝም አላሉም። የፈረንሳይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2016 በመልክ መርጦ ማስቆም የመንግሥት ከባድ ጥፋት ነው ብሎ ወሰነ። የሄግ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2023 የድንበር ፖሊስ የዘር መልክን እንደ መመዘኛ መጠቀም አይችልም አለ።

መብታችሁ ግን ከሀገር ሀገር ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ የሚፈትሻችሁ ፖሊስ ስሙን፣ ጣቢያውንና ምክንያቱን ይነግራችኋል፤ የፍተሻውን መዝገብ ቅጂም መጠየቅ ትችላላችሁ። ፈረንሳይ እንዲህ ያለ ወረቀት አይሰጥም። የትም ብትሆኑ እዚያው ላይ አትታገሉ። ሰዓቱን፣ ቦታውንና የመኪናውን ቁጥር ጽፋችሁ አቤቱታ አቅርቡ።

የወንጀል ተጎጂ ብሆን ምን መብት አለኝ? ወረቀት ባይኖረኝስ?

ብስክሌቴ የተሰረቀ ጊዜ ጣቢያ ሄጄ በተሰባበረ ቋንቋ ስንተባተብ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረኝ አልነበረም። ፊርማ አስፈርመው ሸኙኝ። ምን እንደፈረምኩ እንኳ አላውቅም ነበር።

በ2012 የወጣው የአውሮፓ ህብረት የተጎጂዎች መመሪያ በሚገባችሁ ቋንቋ የማመልከት፣ ማመልከታችሁን የሚያረጋግጠውን ጽሑፍ በነጻ ተተርጉሞ የማግኘትና ነጻና ምስጢራዊ ድጋፍ የማግኘት መብት ሰጥቷል። መብቱ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ አይመሠረትም። በተግባር ግን ልዩነት አለ። ሆላንድ ውስጥ ወረቀት የሌለው ተጎጂ ጣቢያ ገብቶ አመልክቶ በነጻነት እንዲወጣ የሚፈቅድ አሠራር አለ። ጀርመን ውስጥ ፖሊስ የውጭ ዜጎችን ቢሮ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ እዚያ ያለ ወረቀት የሌለው ሰው አስቀድሞ የተጎጂዎች ድጋፍ ድርጅት ወይም ጠበቃ ቢያማክር ይሻላል።

ለድንገተኛ አደጋ 112 በሁሉም የህብረቱ ሀገራት ይሠራል። በበርካታ ሀገራት 116 006 የተጎጂዎች መስመር ነው። ስፔን ውስጥ ቤት ውስጥ የምትደበደብ ሴት 016 ብትደውል በብዙ ቋንቋ ያስተናግዷታል፤ ጥሪው በስልክ ሒሳቡ ላይ አይታይም። ከስልኳ መዝገብ ግን ራሷ ማጥፋት አለባት።

ከተማው የደህንነት ስብሰባ ሲጠራ እኛ ብንሄድ ማን ይሰማናል?

ይሰማሉ። ለንደን ውስጥ በየቀበሌው ፖሊስ ምን ላይ እንዲያተኩር የሚነጋገሩ የነዋሪዎች ፓነሎች አሉ። ስዊድን ውስጥ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪውን ጠይቀው የዜጎች ቃል ኪዳን የሚባል ስምምነት ያወጣሉ።

እኔ ባለሁበት ከተማ ስብሰባው የሚሞላው በጡረተኞች ነው። ከኛ ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ የሄዱት የማታ ጽዳት የሚሠሩ ሁለት እህቶች ነበሩ። የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ፎቆቹ ያለው መንገድ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ጨለማ ነው። ማንም አያውቀውም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማንም ጡረተኛ እዚያ አያልፍም። በክረምቱ መብራት ተተከለ። ስድስት አምፖል ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።